ፍሪጁ ታሟል

ከመታጠቢያ ቤት የሚወጣውን ድምፅ ሌላ ሰው ቢሰማው ኖሮ፣ የሚታነቅ ሰው አለ ብሎ በሩን በገነጠለው ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች በጥሞና አዳመጠችው። ወንድሟ ውሃ ይጎርሳል፣ አንገቱን ወደ ጣሪያ አቅንቶ «ኽርርር» እያለ ጉሮሮውን ያጥባል፣ ይተፋል፣ ከዚያ «ፓሪ» ይላል፤ እንደገና ይጎርሳል። የፈረንሳይኛዋ «ር» ከምላስ ጫፍ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው የምትወጣው ብሎ መምህሩ ካስተማራቸው ወዲህ፣ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን የግሉ አድርጎታል። ሌላ ቀን ቢሆን እስኪበቃው ትጠብቀው ነበር። ዛሬ ግን እንግዳ የሚመጣበት ቀን ነው፤ ፊቷን መታጠብ፣ ደህና ልብስ መልበስ፣ የሳሎኑን አዲስ መጋረጃ መስቀል አለባት። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሄዳ በሩን ቆረቆረችው።

«ሙሴ፣ ሲል ቩ ፕሌ» አለች። ጌታው እባክዎ ማለቷ ነው።

«ኦኩፔ» አለ ወንድሟ ከውስጥ። ሰው አለበት።

ይህን የሰማ ሰው እህትና ወንድሙ በጣም ሠልጥነዋል ይል ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በራቸው ፊት ለፊት እየተያየ፣ አባታቸው ከተቀበሩ ማግስት ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። መጋረጃ ሰፊዋ በዚያን ቀን፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ከእንግዲህ ካንተ ጋር ባወራ ምላሴ ይቆረጥ!» ብላ ማለች፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ወንድሟም «የኔም አብሮ ይቆረጥ!» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሁለቱም መሐላቸውን ጨምድደው ያዙ። መሐላ ግን ቤት ለማስተዳደር አይመችም። ስለዚህ ሳሎን ሶፋው ላይ የምትውለው የአባታቸው እህት መሐል ገባች። «አክስቴ፣ ለሰውዬው ንገሪው፤ ሲወጣ ቧንቧውን አጥብቆ ይዝጋ» ትላለች እህት፣ ወንድሟ እዚያው አጠገቧ ጫማውን እያሰረ። «ቧንቧውን ዝጋ ተብለሃል» ትላለች አክስት። «የምትከፍተው ራሷ ናት በያት» ይላል እሱ። «ራስሽ ነሽ ተብለሻል።» አክስት ለማንም ሳትወግን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ስድቡን እንኳ ከነክብደቱ ታደርስ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት አክስት ጠዋት ወጥታ፣ ጉሮሮዋ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ተመለሰች። ከየት መጣሽ ሲሏት በእጇ ልብ የሚያዳምጥ ሐኪም ሠራች፤ ምን አለሽ ሲሏት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። መናገር ተከልክላለች ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርጭቆዋን በማንኪያ እየመታች ነው የምትኖረው፤ አንዴ ስትመታ አዎ፣ ሁለቴ ስትመታ አይሆንም፣ ደጋግማ ስታቃጭለው ተዉኝ። ቤቱ መላ ጠፋበት። ሳሙና ሲያልቅ እህት ባዶውን ማሸጊያ በወንድሟ በር ሥር ታስቀምጥ ጀመር፤ እሱም አምፖል ሲቃጠል የተቃጠለውን አምፖል ከቁርሷ ሳህን አጠገብ ያጋድምላት ነበር። በዚህ መሐል አንድ ጠዋት ፊቷን ሳሙና ተቀብታ ሳለ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተንኳኳና «ማዳም፣ ሲል ቩ ፕሌ» የሚል ድምፅ ሰማች። ክው አለች። መሐላውን አፈረሰ? ዓይኗን ሳሙናው እየቆጠቆጣት አሰበችበት። አይደለም፤ ይህ ከፈረንሳይኛ መማሪያ መጽሐፋቸው፣ ከሆቴሉ ምዕራፍ የተወሰደ ነው፤ የመጽሐፉ ቃል እንጂ የሰውዬው ቃል አይደለም። እሷም ብትመልስ የምትመልሰው የመጽሐፉን ነው። «ኦኩፔ» አለች፤ ሁለቱም ያን ቀን ቀለል ብሏቸው ዋሉ።

ፈረንሳይኛው ራሱ የመጣው በትንሿ እህታቸው ምክንያት ነው። ትንሿ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው፤ እዚያ ያጫት ልጅ ወላጆች ደግሞ ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰሙም። «ከቤታችን ቢያንስ አንድ ሰው ሰላም ሊላቸው ይገባል» ብላ ለታላቅ እህቷ ደወለች፤ «እሱ እንደሆነ አይሞክረውም፣ ተስፋዬ አንቺ ነሽ» አለቻት። ለወንድሟም ደውላ ይህንኑ ቃል በቃል ነገረችው። ሁለቱም አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የሕፃናት ትምህርት ቤት ማታ ማታ የሚሰጠውን ትምህርት ተመዘገቡ። የመጀመሪያው ዕለት መጋረጃ ሰፊዋ አርፍዳ ስትገባ፣ ለልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ የተቀመጠ ሰው አየች። ወንድሟ ነው። የቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ ከእሱ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። መምህሩ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ወጣት፣ «አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው እስከ መጨረሻው ጓደኛችሁ ነው፤ ምልልሱን ሁሉ ከእሱ ጋር ትለማመዳላችሁ» አለ። እህትና ወንድም ነን ለማለት መነጋገር ያስፈልግ ነበር፤ አልተነጋገሩም። ክፍሉ ሁሉ እንደ ባዳ ቆጠራቸው፤ መምህሩም ለማያውቁት ሰው የሚባለውን «ቩ» አስይዞ፣ እሷን «ማዳም» እሱን «ሙሴ» አስባላቸው።

መቼም በዚያ ክፍል እንደነሱ ያለ ጠያቂ አልነበረም። መምህሩ ጠረጴዛ ሴት ናት ሲል መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ታወጣለች። «ማን አይቶ ነው? እኛ እኮ ጠረጴዛን ስንወዳት ሴት፣ ጉልበታችንን ሲመታን ወንድ ነው የምናደርገው። እነሱ ቢናደዱባት አይቀይሯትም?» አይቀይሯትም ተባለች፤ እንዲህ ያለ ግትርነት በጣም ገረማት። ሰማንያን «አራት ሃያ» እንደሚሉ ስትሰማ ደግሞ፣ በዚህ አቆጣጠር አንድ መጋረጃ ለክቶ ለመጨረስ ዓመት ይፈጃል ብላ ሳቀች። አፍን ለፉጨት አሹሎ «ኢ» ማለት ሲመጣ ግን የሚያህላት ጠፋ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስትሰፋ ስለኖረች፣ ከንፈሯ ራሱ ሹል ሆኖ ነው የሚጠብቃት። ወንድሟን የቸገረው ተጽፎ የማይነበበው ፊደል ነው። «እኔ ማሽን ስፈታ ሥራ የሌለው ብሎን አላገኘሁም፤ የማይነበብ ከሆነ ይነቀል» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። መምህሩ፣ አንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ዝም እንደሚል፣ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ከጎኑ ሲቀመጥ ግን ድምፅ እንደሚሰጥ አስረዳው። «ታዲያ እንዲህ አይሉም? ጎረቤት አጥቶ ነዋ!» አለ ፍሪጅ ጠጋኙ። እህቱ ሳቋን በመጽሐፏ ከለለችው። «የኔ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለሴትም ለወንድም አንድ አድርጎት «ሞ» «ሞ» ይላል፤ ለሴት «ማ» ነው ብላ በየማታው በእርሳሷ ጫፍ መጽሐፉን እየነካች ታርመዋለች። ስለ ቤተሰብ በተማሩ ማታ «ወንድም አለዎት?» ብሎ ከመጽሐፉ ጠየቃት፤ «አዎ፣ አንድ ወንድም አለኝ» ብላ ከመጽሐፉ መለሰችለት። ከዚያ አንደኛው በመንገዱ በዚህ በኩል፣ ሌላዋ በዚያ በኩል ወደ አንድ ቤት ሄዱ። እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያን ማታዎች ትወዳቸው ነበር፤ ትምህርቱ ሲያልቅስ እያለች ትሰጋ ነበር።

የጠቡ ምክንያት ሳሎን ውስጥ ቆሟል። አባታቸው የገዙት፣ ትከሻ የሚደርስ ነጭ ፍሪጅ ነው። አባትየው በታመሙበት ሰሞን ማቀዝቀዙን ተወ። «ልጄ ፍሪጅ ሠሪ፣ እናንተን ምን አስጨነቃችሁ!» ይሉ ነበር። ልጅየውም ሞተሩን ፈትቶ ወደ ሱቁ ወሰደው፤ በዚያው ቀረ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆነና፣ የሰፈሩን ፍሪጅ ሁሉ እያስነሣ የአባቱን ፍሪጅ ነገር ሲያነሡበት ወሬ ይለውጣል። አባታቸው በመጨረሻ ቀኖቻቸው የሚያምራቸው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነበር። እሷ ብርጭቆ ይዛ ማዶ ካለው ሱቅ በረዶ ስትለምን፣ እሳቸው በሩን በሩን ሲያዩ ሰነበቱ። ከቀብሩ ማግስት ያ ሁሉ ገነፈለና «የአባቱን የፍሪጅ ሞተር ሸጦ የበላ!» አለችው በሰው ፊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ አልሸጥኩም አላለም፣ ሸጥኩም አላለም፤ ፊቱ ብቻ አመድ መሰለ። ፍሪጁን ግን ማንም ከሳሎን አላወጣውም። ብል አይገባበትምና መጋረጃ ሰፊዋ የጨርቅ ቁም ሣጥን አደረገችው፤ በመደርደሪያው ከፈይና ዳንቴል፣ በእንቁላል ማስቀመጫው የክር ጥቅልል፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ የመጋረጃ ቀለበት። ላዩን በኪሮሽ ዳንቴል አልብሳ አበባ አስቀመጠችበት።

ዛሬ እንግዶቹ የሚደርሱት ከቀትር በኋላ ነው። ትንሿ ከእጮኛዋ ጋር ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብላ ታመጣቸዋለች፤ አስተርጓሚዎቹም እነሱ ናቸው። «እናንተ ሰላም በሏቸውና ፈገግ በሉ፣ ሌላው በኛ ጣሉት» ብላ ነበር ትናንት በስልክ። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ በሞቴ፣ እንደተኳረፋችሁ እንዳያውቁ። ቤተሰቤ ፍቅር ነው ብያቸዋለሁ። ሰውዬውና ሴትዮዋ ልጃቸውን ለማን ቤት እንደሚሰጡ ሊያዩ ነው የሚመጡት፤ አታሳፍሪኝ።» መጋረጃ ሰፊዋ አላሳፍርሽም አለቻት። ለሰው ዓይን አንድ ቀን ማስመሰል አያቅታትም፤ ያቃታት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «እታለም» ብሎ የጠራት የለም። እሱ ነበር እንደዚያ የሚጠራት፤ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ። መሐላዋን ግን መጀመሪያ እሷ ልታፈርስ? ሞቷን።

ሩዙ ምድጃ ላይ፣ ዶሮው መጥበሻ ውስጥ፣ እሷ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃውን ስትሰቅል፣ ወንድሟም ጫማ ሳያደርግ በካልሲው ወለሉን ሲወለውል የበሩ ደወል ጮኸ። ጎረቤት መስሎት በካናቴራው ከፈተው። ደጃፉ ላይ አንዲት ረጅም ሴት ትልቅ የኬክ ካርቶን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ከኋላዋ አንድ አጭር ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመዋል። ላዳው ሻንጣቸውን አራግፎ እየሄደ ነበር። እንግዶቹ ከአውሮፕላን ማረፊያው በአንዱ በር ሲጠበቁ በሌላው ወጥተው፣ አድራሻቸውን ይዘው በራሳቸው መጥተዋል። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ፤ አክስት አንሥታ ለመጋረጃ ሰፊዋ ዘረጋችላት፤ ትንሿ «ጠፉብን! ካንቺ ዘንድ ከመጡ አቆዩልን፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ እየመጣን ነው!» ብላ ዘጋች። እህትና ወንድም ተያዩ። አስተርጓሚ የለም። ያላቸው የአንድ መጽሐፍ ግማሽ ብቻ ነው።

«ቦንዡር!» አለ ፍሪጅ ጠጋኙ ወለል መጥረጊያውን ከኋላው ደብቆ። እህቱ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ከወንበሩ ላይ «ቢያንቨኑ» አለች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። በስፒሉ ሳቢያ ነው መሰለኝ እንዲህ ያማረ አነጋገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ሴትዮዋ በደስታ እጇን አጨበጨበችና እንደ ጎርፍ ማውራት ጀመረች። መጋረጃ ሰፊዋ ጎርፉ መሐል አንዲት የምታውቃት ቃል ብቅ ብትል ብላ ብትጠብቅ አንድም አልታየችም። ወንድሟ ላብ አጠመቀው። ዝም ማለት ነውር ነውና የመጣለትን ከሆቴሉ ምዕራፍ አንሥቶ፣ «አልጋ አስቀድመው ይዘዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። አጭሩ ሰውዬ በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለ። እሷ አየሩ ጥሩ ነው አለች፤ እሱ አዎ፣ ግን ነገ ይዘንባል አለ። እሷ አክስታቸውን አሳይታ ጉሮሮዋን እንዳመማት ነገረች፤ አክስትም አንገቷን ደፍታ ብርጭቆዋን አንዴ መታች። አንዱ ቃል ሲያልቅበት ሌላው ከየትኛው ምዕራፍ እንደጀመረ ያውቃልና ተቀብሎ ይቀጥላል። ልክ እንደ ክፍሉ ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ ይሻላል ብላ አሰበች።

ሻይ ሲመጣ ወንድሟ እንግዶቹን ካስቀደመ በኋላ ወደ እሷ ዞሮ፣ ልማድ ሆኖበት፣ «ማዳም፣ እርስዎስ ሻይ ይፈልጋሉ?» አለ በፈረንሳይኛ። ሴትዮዋ ኩባያዋን አወረደች። አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ፣ እህትህ አይደለችም እንዴ፣ ለምን ማዳም ትላታለህ አለችው። ሁለቱም ጥያቄውን ሰሙት፤ ለዚህ ግን የተማሩት ምዕራፍ የለም። መጋረጃ ሰፊዋ ትንሿ እህቷ ዓይኗ ላይ መጣችባት። «ሬስፔ!» አለች በመጨረሻ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፤ አክብሮት ማለቷ ነው። «ቦኩ ሬስፔ!»፣ ብዙ አክብሮት፣ ብሎ ወንድሟ ከወገቡ ጎንበስ አለ። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። ለባሏ ያለችውን ሁሉንም ባይረዱት፣ የኛዎቹ ልጆች እባክሽ እንኳ አይሉም እንደምትል ከፊቷ ይነበብ ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ ተርፈናል ብላ ተነፈሰች።

ያቺ ደግ ሴት ያን ጊዜ ኬኩን አስታወሰች። ክሬም ነው፣ ይቀልጣል ብላ በእጇ እያስረዳች ካርቶኑን አነሣችና፣ ባለቤቶቹን ላለማስቸገር ራሷ ወደ ፍሪጁ አመራች። «ኖ! ኖ!» አሉ እህትና ወንድም በአንድ ድምፅ። እሷ ትሕትና መሰላት፤ ከፈተችው። አንድ ጥቅል ቀይ ከፈይ ተንከባሎ እግሯ ሥር ወደቀ። ከላይ የመጋረጃ ቀለበት እንደ በረዶ ዘነበ። ሴትዮዋ ኬኳን እንደያዘች በእንቁላል ቦታ የተደረደረውን ክር፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን፣ ወርቅማውን አየችና ዞር ብላ ጠየቀች፤ ይህ ምንድን ነው?

ፍሪጅ ጠጋኙ ፊቱ እንደ ቀብሩ ማግስት አመድ መሰለ። ከዚያ ካናቴራውን ወደ ታች ጎትቶ፣ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ እንደሚመልስ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስለ ዕቃ ብልሽት አልተማሩም። ያለው የሐኪም ቤቱ ምዕራፍ ብቻ ነው።

«ለ ፍሪጎ ኤ ማላድ» አለ። ፍሪጁ ታሟል።

ሰውዬው ተነሥቶ መጣ። ከመቼ ጀምሮ ሲለው፣ አራት ዓመት አለ። ሐኪምስ አላያችሁትም ሲለው ፍሪጅ ጠጋኙ ደረቱን በጣቱ ነካ። «ዶክተሩ እኔ ነኝ» አለ ከዚያው ከመጽሐፉ እየለቀመ፤ «መጥፎ ዶክተር። ፍሪጁ ትንሽ ታሞ ነበር። እኔ መጣሁ» እጁን እንደሚበይድ ሰው አንቀሳቀሰ፣ «ከዚያ በጣም ታመመ። ከዚያ ሞተ።» እንግዳው አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጠዋል፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ግን የሚያየው እንግዳውን አልነበረም። መጋረጃ ሰፊዋ ነገሩ ገባት። ሞተሩን አልሸጠውም። ራሱ አቃጥሎታል፤ ሰፈር ሁሉ የሚመካበት ፍሪጅ ጠጋኝ የአባቱን ፍሪጅ አበላሽቷል። ይህን ከማውራት፣ ሌባ መባልን፣ ያውም በሰው ፊት፣ መርጦ ተሸክሞታል። በራሳቸው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ምክንያት ይደረድር ነበር፤ መብራቱ ነው፣ ዕቃው ነው፣ ፋብሪካው ነው ይል ነበር። በፈረንሳይኛ ምክንያት መደርደሪያ አልተማረም። በረዶ ፍለጋ ስትሮጥ እሱ ሱቁ ውስጥ ከተቃጠለው ሞተር ጋር ተፋጥጦ ምን ያህል እንደተሠቃየ ያን ጊዜ ታያት፤ አዘነችለት፤ በራሷም አፈረች።

«ፓርዶን፣ ሞ ሰር» አለ ወንድሟ። ይቅርታ፣ እህቴ። «ሞ» አይባልም፣ «ማ» ነው፤ አላረመችውም።

«ሟ ኦሲ» አለች። እኔም። «ሟ ኦሲ፣ ፓርዶን።»

አጭሩ ሰውዬ ከዚህ ሁሉ የያዘው ፍሪጅ መታመሙን ብቻ ነው። የእጅ ሙያ የሚወድ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከኋላ በኩል ልየው ብሎ ፍሪጁን ወደ ራሱ ሳበው። ፍሪጅ ጠጋኙ ኧረ ይተዉት ብሎ እጁን ከሥር አስገባ። አበባው ወደቀ። ፍሪጁ በአንድ እግሩ ቆሞ ተንገዳገደና ወደ ግድግዳው፣ ወደ ፍሪጅ ጠጋኙ እጅ፣ ተጋደመ።

«ጣትህ!» ብላ ጮኸች መጋረጃ ሰፊዋ። «ጣትህን አውጣ፣ አንተ ልጅ! አውጣ ብዬሃለሁ!»

ፍሪጁ ግድግዳውን መትቶ ቆመ። ወንድሟ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያየ ቀረ። ሁሉም አሉ።

«ወጥቷል» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አልነካኝም፣ እታለም» አለ።

እሷ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን ቁጣ ነው። አንተ እኮ ድሮም ሳታይ እጅህን የምትከት ነህ አለች፤ አባቴም ይሄንኑ ሲልህ ነው ያለፈው አለች፤ ይሄ ካናቴራ ለእንግዳ የሚለበስ ነው ወይ አለች። እሱም አልተኛላትም፤ አንቺስ ፍሪጅ ውስጥ ቀለበት የምታጭቂ ምን ዓይነት ሰው ነሽ፣ ደግሞስ በየሌሊቱ ክፍት የሚያድረው ቧንቧ የማን ሥራ ነው አለ። ቧንቧው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ጣሪያ ነካ። አራት ዓመት የተጠራቀመ ነበርና ብዙ ነው። እንግዶቹ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያዩ ፍሪጁን ደግፈው ቆመዋል። ያን ጊዜ ከሶፋው በኩል ብርጭቆ ሲቃጨል ተሰማ፤ የሰማው የለም። እንደገና ተቃጨለ።

«በቃ! ጆሮዬን በላችሁት!» አለ አንድ ድምፅ፤ ጥርት ያለ፣ የታመመ ሰው ያልሆነ ድምፅ።

ሁለቱም ዞሩ። አክስት ሻርፑን ከአንገቷ እየፈታች ነበር።

«አክስቴ… ድምፅሽ!» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ሐኪሙስ?»

«የምን ሐኪም?» አለች አክስት። «ሐኪም ቤት የሄደ ማን አለ? ገበያ ሄጄ ሻርፕ ገዝቼ መጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ የናንተን ስድብ ሳመላልስ ሰለቸኝ፤ እኔም የራሴ ወሬ አለኝ እኮ። ዝም ብል ትነጋገራላችሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ‹ኦኩፔ› ስትባባሉ ሰነበታችሁ!»

እህትና ወንድም ተያዩ። «አየኸልኝ?» አለች እሷ። «አየሁልሽ፣ እታለም» አለ እሱ። «እኔ ደግሞ ማር በሎሚ ሳጠጣት!» «እኔስ ሾርባ ሳመላልስ!» አክስት ማንኪያዋን አንሥታ፣ አሁን ደግሞ በኔ ላይ ልታብሩ ነው አለች።

በሩ ተበርግዶ ትንሿ እህት እየሮጠች የገባችው በዚህ መሐል ነው፤ እጮኛዋ ከኋላዋ። ቀለበቱ ወለሉን ሞልቶታል፤ ከፈዩ ተዘርግቷል፤ የእጮኛዋ አባት እጅጌውን ሰብስቦ ፍሪጅ ታቅፏል፤ እናቱ ኬክ ይዛ ቆማለች፤ ታላላቆቿ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ይጯጯሃሉ። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «እትዬ፣ ለምኜሽ አልነበረም? በእግዜር፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

መጋረጃ ሰፊዋ ፍሪጁን በአንድ በኩል አቀፈች፤ ወንድሟ በሌላው በኩል ገባ።

«አዎ፣ ተጣላን!» አለች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። «ቁመሽ አትዪኝ፣ ነይ ቀለበቱን ልቀሚልኝ። ነገ ሞተር ይገባለታል።»